ሦስቴ ካልጠየቋት

ጉ ፒልሱን ያንን ወሬ የሰማችው ካስኮ ውስጥ ተቀምጣ ነው። ካስኮ ውስጥ የገባች ሴት ምንም አትሰማም የሚል ሰው ካለ ፒልሱንን አያውቃትም ማለት ነው፤ የእሷ ጆሮ እንኳን የፀጉር ማድረቂያ የአውሮፕላን ሞተር ቢደፉበት፣ ከሦስት ሱቅ ወዲያ የተንሾካሾኩትን ሐሜት ከነትንፋሹ ለቅሞ ያመጣል። ቀኑ ማክሰኞ ነበር፤ ገበያው በወር ሁለቴ ከሚያርፍባቸው ቀናት አንዱ። በዳቢን እናት ፀጉር ቤት በሠላሳ አምስት ሺህ ዎን ተስማምታ፣ አርባ ሁለት ቢጎዲን ራሷ ላይ ተደርድሮ፣ በአንድ ጠዋት ሃያ ዓመት የሚቀንስላትን ፐርም ትጠብቃለች። ፀጉር ቤቱ ሁለት ወንበርና አንድ መስተዋት ያለው፣ ሦስተኛ ሰው ከገባ አንዱ ትንፋሹን መያዝ ያለበት ክፍል ነው። የኢንቾን ከተማ ምሥጢር ግን ሁሉ በዚያ በር ነው የሚያልፈው።

«ሰምታችኋል?» አለች የዳቢን እናት፣ ሌላዋን ደንበኛ ቀለም እየቀባች። «እዚያ ከመጋዘኑ ጀርባ ያለችው አማት የምራቷን ፓስፖርት ደብቃ ይዛለች አሉ። ከቬትናም የመጣችው ልጅ፣ ያቺ ቀጭኗ። ትጠፋብኛለች ብላ ነው።»

«ኧረ ጉድ! ሰው ናት እሷ?» አለች ባለ ቀለሟ።

የፒልሱን ልብ ከደረቷ ወርዶ ወንበሩ ሥር ገባ። ምክንያቱም ከዚያች ፀጉር ቤት አራት መቶ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ በራሷ ቤት፣ በራሷ የኪምቺ ፍሪጅ ውስጥ፣ በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት የኮመጠጠ ጎመን ከሞላው፣ አሥራ ስምንት ኪሎ ከሚመዝን የክረምት ኪምቺ ሣጥን ሥር፣ በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ አንድ የካምቦዲያ ፓስፖርት ከተኛ ሰባት ወሩ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር። ፒልሱን ግን ዝም ብላ አታውቅም። ካስኮውን በገዛ እጇ ወደ ላይ ገፋችና፣ በእንፋሎት ቀልቶ ቃሪያ የመሰለ ፊቷን ወደ ሴቶቹ መለሰች።

«እንዲህ ያለችው አማት ቢጎዲን ሳይሆን እሳት ነው ራሷ ላይ መደርደር! የእኔ ምራት ፓስፖርቷን ትራሷ ሥር ነው የምታስቀምጠው። ቁልፉ የእሷ፣ ቁምሣጥኑ የእሷ። እንዲያውም ባለፈው አቧራ ነካው ብዬ ራሴ ነኝ በጨርቅ የወለወልኩላት። እኔ ቤት ምራት አይደለችም፤ ንግሥት ናት!»

«አንቺማ የታወቅሽ ነሽ» አለች የዳቢን እናት። «ግን አትፈሪም? አየር ማረፊያው እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው እኮ።»

«እኔ? እኔን ጥሎ የሚሄድ ሰው ገና አልተወለደም!»

ብላ ካስኮውን መልሳ ደፋችው። ከውስጥ ሆና ግን ጥሏት የሄደውን ሰው መቁጠር ጀመረች። ባሏ በሃምሳ ሁለት ዓመቱ፣ አንድ ቀን ሆዴን ሳይል፣ ሞቶ ሄደ። ታናሽ እህቷ ባል ተከትላ ሄደች። አንድ ልጇ ቴሆ ለመርከብ ብየዳ ብሎ አገሪቱ ጫፍ ወደሚገኘው ወደብ ወረደ፤ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ቆሻሻ ልብስና የተቃጠለ ክንድ ይዞ ይመጣል፤ ሰኞ ሳይነጋ ይወጣል። ቤት የቀረችው የቴሆ ሚስት፣ ከካምቦዲያ የመጣችው ቻንቱ ናት። ፒልሱን ማታ ከገበያ ስትመለስ መስኮቱ ላይ መብራት በርቶ የምታየው፣ ከዘጠኝ ዓመት ጨለማ በኋላ፣ በዚች ልጅ ምክንያት ነው። ይኼንን ለማንም አልነገረችም፤ ለራሷም ቢሆን በደንብ አልነገረችም።

ፓስፖርቱን የወሰደችው ልጅቷ በገባች በሁለተኛው ቀን ነው። ገበያ ውስጥ ከጎኗ ዓሣ የምትሸጠው ሴት «ቶሎ ያዢ፤ አለበለዚያ የወር ደሞዝ ይዛ ላጥ ትላለች» ስትላት፣ ፒልሱን ቤት ገብታ የልጅቷን ሻንጣ ከፈተች፣ ፓስፖርቱን አወጣች፣ እና ማን ይደርስበታል ብላ እዚያ የኪምቺ መቃብር ውስጥ ቀበረችው። ፍሪጁን በአንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ዎን ነው የገዛችው፤ በመንደሩ እንደ እሱ የሚዘጋ ባንክ የለም ትላለች። ለልጅቷ ምንም አላለቻትም። በእርግጥ ያኔ ብትላትም አይገባትም ነበር። ቻንቱ ስትመጣ የምታውቀው ኮሪያኛ «አመሰግናለሁ» እና «ይቅርታ» ብቻ ነበር፤ በእነዚህ ሁለት ቃላት ሦስት ወር ኖረች። ሁለቱ ሴቶች በሁለት ክፍል ቤት፣ በሚሞቀው ወለል ላይ፣ አንዲት ዝቅተኛ ገበታ መካከላቸው አድርገው ይቀመጣሉ። ቴሌቪዥኑ ያወራል፤ እነሱ ያኝካሉ። አንዳንዴ ከጣሪያው በላይ አውሮፕላን ያልፋል፤ ያኔ ሁለቱም እኩል ቀና ይላሉ፣ እኩል ያቀረቅራሉ፣ ምን እንዳሰቡም አይነጋገሩም።

ቻንቱ በሠፈሩ የቋንቋ ማዕከል መማር ስትጀምር ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ጥያቄ ተማረች። አንድ ቀን፣ ሳህን አጣጥባ እጇን ጠረገችና ቀጥ ብላ ቆማ «እማማ፣ ምሳ በልተዋል?» አለች። ፒልሱን በደስታ ልትሰነጠቅ ደረሰች። ግን ወግ ወግ ነውና «በልቻለሁ፣ በልቻለሁ» አለች። የተከበረ ሰው በመጀመሪያው ጥያቄ እርቦኛል አይልም፤ አንዴ በልቻለሁ ይላል፣ ሲደግሙለት ጠግቤያለሁ ይላል፣ ሦስተኛ «በሞቴ» ሲሉት ነው እንደ ተሸነፈ ሰው እየተነጫነጨ ወደ ገበታው የሚጠጋው። ቻንቱ ግን «እሺ» ብላ ሩዙን ከደነች። ፒልሱን የገበያውን ሁሉ ማባያ የምትሠራ ሴት፣ በኢንቾን ከተማ ግማሽ ሕዝብ ሆድ ውስጥ እጇ ያለበት ሴት፣ ያን ቀን እስከ ማታ ባዶ ሆዷን ዋለች። በማግስቱም እንደዚያው። በዚያ ወር አራት ኪሎ ቀነሰች፤ እሷ ስታወራው አሥራ አንድ ኪሎ ነው። ራሷ ስትጠይቅ ደግሞ ልጅቷ ወጉን ገለበጠችው፦ «ይጨመርልሽ?» ሲሏት «አዎ» ትላለች፣ በመጀመሪያው! ፒልሱን እንዲህ ያለ ድፍረት በሕይወቷ አይታ አታውቅም።

ከሁለት ወር በፊት ግን አንድ ቀን ቻንቱ ጠየቀች፤ ፒልሱን «በልቻለሁ» አለች፤ ቻንቱም አልሄደችም። ደግማ ጠየቀች። ከዚያ ደገመችና ሠለሰች። ፒልሱን ያን ቀን ሁለት ሳህን ሩዝ በላች። ማን እንዳስተማራት አልጠየቀችም፤ ሰው ሲማር ይገባዋል ብላ ተወችው።

የሚያስጨንቃት ሌላው ጥያቄ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሰኞ ቻንቱ የአኩሪ አተር ወጡን እያማሰለች፣ ዞር ብላ፣ ከመጽሐፍ እንደሚያነብ ሰው ቃል በቃል «እማማ፣ ፓስፖርቴ የት ይገኛል?» አለች። ፒልሱን እጇ ላይ የያዘችው ሽንኩርት ወደቀ። «እኔ ምን አውቄ! ቴሆ ነው የሚሆነው የያዘው።» ቻንቱ ራሷን ነቅንቃ ወጧን ማማሰል ቀጠለች። ሐሙስ ደግማ ጠየቀች። «አላውቅም አልኩሽ እኮ!» አለቻት ፒልሱን፣ ድምፅዋ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ። ቻንቱ አሁንም ራሷን ነቀነቀች፤ ቅር አላላትም፤ እንዲያውም ከንፈሯ ጥግ ላይ ትንሽ ፈገግታ ነበር። ፒልሱንን እንቅልፍ የነሳት አለማኩረፏ ነው። ልታመልጥ የቆረጠች ሴት እንጂ ማን እንዲህ ይረጋጋል?

ፐርሟ አልቆ፣ ራሷ የጎመን ቅጠል መስሎ፣ እየተጣደፈች ቤቷ ገባች። ቻንቱ ወደ ትምህርቷ ሄዳለች። ፒልሱን ጫማዋን ሳትደረድር ፍሪጁን ከፍታ እጇን እስከ ክርኗ ከሣጥኑ ሥር ሰደደችው። ጣቷ ላስቲክ ነካ። አለ። ትንፋሿን ለቀቀችው። ቀና ስትል ግን ገበታው ላይ የቻንቱ ደብተር ተዘርግቶ አየች። መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። በትልልቁ፣ የአንደኛ ክፍል ልጅ በሚጽፈው ዓይነት ክብ ክብ ፊደል፣ እንዲህ ይላል፦ «የአየር ማረፊያው አውቶቡስ ከየት ይነሳል? ስንት ሰዓት ይነሳል? ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ቲኬቱ ስንት ነው? አንድ መንገድ ነው ወይስ ደርሶ መልስ?»

ፒልሱን ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ወለሉ ሞቃት ነበር፤ እሷ ግን በረዶ ላይ የተቀመጠች ያህል ተሰማት። ለቴሆ ልትደውል ስልኩን አነሳች፤ ምን ልትለው? ሚስትህ ልትጠፋ ነው፤ እኔ ደግሞ እንዳትጠፋ ፓስፖርቷን ከኪምቺ ሥር ቀብሬዋለሁ? ስልኩን አስቀመጠችው። ከዚያ የሚበላ ነገር ይዛ መሄድ እንዳለባት አሰበች፤ ባዶ እጇን ከሄደች ሰላይ ትመስላለች፣ ምግብ ይዛ ከሄደች ግን አማት ናት። ከጠዋቱ በተረፈው ሊጥ ሦስት ሳህን ሙሉ የኪምቺ ቂጣ ጠብሳ፣ በጨርቅ ቋጥራ ወጣች። ሦስት ሳህን ለሠራዊት ይበቃል፤ ፒልሱን ከዚያ ባነሰ ምጣድ አታስቀምጥም።

ማዕከሉ ከፖስታ ቤቱ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ስትወጣ ጉልበቷ ይንጫጫል፤ ከላይ ደግሞ ጩኸት ይሰማል። በሩ ጋ ስትደርስ ጩኸቱ ተለየ። ሃያ ሰው በአንድ ድምፅ «የአየር ማረፊያው አውቶቡስ! ከየት ይነሳል!» ይላል። «ቲኬቱ! ስንት ነው!» ይላል። ፒልሱን በመስታወቱ አጮለቀች። ፂማም ወንዶች፣ ሻሽ ያሰሩ ሴቶች፣ አንዲት ነፍሰ ጡር፣ የፋብሪካ ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት ልጆች፣ ሁሉም አፋቸውን እኩል እየከፈቱ አየር ማረፊያ ይጠይቃሉ። መቼም ሃያው በሙሉ ከአማቱ ሊጠፋ አይችልም። ትምህርት ነው። ምዕራፍ ሰባት ነው። ፒልሱን ግድግዳውን ተደግፋ ብቻዋን ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ በሩ ተከፈተ።

«የማን እናት ነዎት?» አለች መምህርት ቾን፣ እንደ እርሳስ የቀጠነች፣ ድምፅዋ ግን የባቡር ጣቢያ የሚሞላ ሴት።

«የቻንቱ አማት ነኝ። እንዲያው ለልጆቹ ቂጣ ቢጤ…»

«ይግቡ፣ ይግቡ! እንደ እርስዎ ያለ ሰው ነው የምንፈልገው!» ብላ እጇን ይዛ ጎትታ ፊት ለፊት አቆመቻት። «ተማሪዎች! ዛሬ መጽሐፍ የለም። እውነተኛ ሰው መጥቶልናል። እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ጥያቄ።»

ፒልሱን ከኋላ ረድፍ ቻንቱን አየቻት። ቻንቱ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ከዚያ ፐርሙን አየች፣ ከዚያ አፏን በእጇ ሸፈነች። ከፊት ወንበር አንድ ትከሻው በር የሚያህል ኡዝቤክ ተነሣ። «እናቴ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» አለ። በዚህ አገር ሰው ሲተዋወቅ የሚቀድመው እሱ ነውና ፒልሱን አልተቀየመችም፤ «ሃምሳ» አለች፣ ከስድሳ አንዱ ላይ አሥራ አንዱን ዓመት ዓይኗን ሳታሽ አጥፍታ። «ሥራዎ ምንድን ነው?» «የማባያ ቤት አለኝ። በገበያው ትልቁ ነው። ከንቲባው ራሱ ሰው ይልካል!» የማባያ ቤቱ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ነው፤ ከንቲባውም ልኮ አያውቅም። ተማሪዎቹ ግን ቃል በቃል ደብተራቸው ላይ ጻፉት። ፒልሱን እየሞቃት መጣ። ልጆች ስንት አሉዎት፣ የሚወዱት ምግብ ምንድን ነው፣ ቤትዎ ከዚህ ሩቅ ነው? ሁሉንም እንደ ሚኒስትር መለሰች፣ ለሁሉም ሁለት ሁለት እጥፍ ጨመረችበት። ከዚያ መምህርቷ «ቻንቱ» አለች።

ቻንቱ ተነሣች። አሁን ትጠይቀኛለች አለች ፒልሱን በልቧ፤ በሃያ ምስክር ፊት፣ ይኼ ሁሉ ፂም ደብተሩ ላይ ሊጽፈው፣ ፓስፖርቴ የት ይገኛል ትለኛለች። በእጇ የያዘችው ቋጠሮ እንኳ ከበደ።

«እማማ፣ ምሳ በልተዋል?» አለች ቻንቱ።

«በ… በልቻለሁ።»

«እማማ፣ ምሳ በልተዋል?»

«ጠግቤያለሁ አልኩሽ እኮ።»

«በሞቴ፣ እማማ። ምሳ በልተዋል?»

ፒልሱን ከጠዋት ጀምሮ ከአንድ ስኒ የገብስ ሻይ በቀር አፏ እንዳልገባ ትዝ አላት። «አልበላሁም» አለች። ድምፅዋ እንደ ልጅ ሆነ። ክፍሉ አጨበጨበ። መምህርቷ ጠረጴዛዋን በእርሳስ መታች፦ «አያችሁ? ምን ብያችሁ ነበር? የእኛ አገር ሽማግሌ የመጀመሪያው መልሱ ጨዋነት ነው፣ ሁለተኛው ኩራት ነው፤ እውነቱ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። ሦስቴ ሳትጠይቁ ተስፋ አትቁረጡ። ሦስቴ ሳትጠይቁ ደግሞ አትቀየሙ!»

ፒልሱን ሌላ ሂሳብ ያዘች። ሰኞ አንዴ። ሐሙስ ሁለቴ። ልጅቷ ያን ሁሉ ቀን «አላውቅም» ስትባል ራሷን እየነቀነቀች የሄደችው ስላመነቻት አይደለም፤ ስላላመነቻትም አይደለም። ገና አልደረሰም ብላ ነው። የፒልሱንን ዓይን ያወጣ ውሸት፣ ይች ልጅ፣ እንደ ጨዋነት ቆጥራላት ኖራለች። ፒልሱን በሕይወቷ ብዙ ተሰድባለች፤ የገበያ ሴት ናት። እንደዚህ ያመማት ስድብ ግን የለም።

ቂጣው ተቆርሶ ሲታደል መምህርቷ ወረቀት አንስታ አስታወሰች፤ የማዕከሉ የመጀመሪያ ደረጃ ፈተና ምዝገባ ዛሬ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ያለፈ ወደ ቀጣዩ ክፍል ይሻገራል፣ ያልተመዘገበ እስከ መጪው ዓመት ይጠብቃል። «ቻንቱ ብቻ ነሽ የቀረሽው። ከክፍሉ አንደኛዋ ተማሪ! ፓስፖርትሽን አግኝተሽዋል?»

ቻንቱ አማቷን አላየችም። «እየፈለግነው ነው» አለች። እየፈለግነው። ፒልሱን የያዘችውን ቂጣ ሳትቀምስ ወደ ሳህኑ መለሰችው።

ወደ ቤት ሲሄዱ ፖስታ ቤቱን አለፉ፣ ጥርስ ሐኪሙን አለፉ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ቼዝ የሚመስለውን ጨዋታቸውን እየተጨቃጨቁ የሚጫወቱባትን ዛፍ አለፉ። የዳቢን እናት ከበሯ ላይ «ንግሥቲቱን ይዘሻት መጣሽ?» ብላ ጮኸች፤ ፒልሱን እጇን ብቻ አነሳች። ቤት ሲገቡ ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ነበር። ቻንቱ ሩዝ አጠበች። ፒልሱን የአተር ቡቃያ ጭራ መቀንጠስ ጀመረች። አሥር ሰዓት ሆነ። የምትጠይቀኝ አሁን ነው ብላ አንገቷን አቅንታ ጠበቀች። ቻንቱ ልብስ አጠፈች። ሰባት ወር ሙሉ ያቺን ጥያቄ እንደ ጦር የፈራች ሴት፣ አሁን ካልተጠየቅሁ ብላ የምትቀመጥበት ጠፋት። ዝም ብላ ተነሥታ አውጥታ እንዳትሰጣት ደግሞ ወገቧ እምቢ አለ፤ ሳይጠየቅ የሰጠ ሰው መስረቁን አመነ ማለት ነው። አሥር ሰዓት ተኩል። ቡቃያው አልቆ የተቀነጠሰውን ደግማ ቀነጠሰችው። አውሮፕላን አለፈ። ሁለቱም ቀና አሉ፣ ሁለቱም አቀረቀሩ።

«አንቺ» አለች ፒልሱን። «የምትጠይቂኝ ነገር የለም?»

ቻንቱ ያጠፈችውን ሸሚዝ አስተካከለች። «የለም፣ እማማ።»

ለካ እሷም ተምራለች! ፒልሱን ጉሮሮዋን ጠረገች። «ምንም ምንም?»

«ምንም።»

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሲቆጥር እንደ መዶሻ ይሰማ ነበር። ፒልሱን የቡቃያውን ሳህን ወደ ጎን ገፋችው፤ በእጇ ወለሉን እየተደገፈች ተጠጋች፤ ለደንበኛ፣ ለባሏ፣ ለልጇም ተጠቅማበት በማታውቀው ድምፅ «በሞቴ፣ ልጄ» አለች። «የምትጠይቂኝ ነገር የለም?»

ቻንቱ ሸሚዙን አስቀመጠች። ክፍል ውስጥ እንደምትቆመው ቀጥ ብላ ቆመች። «እማማ» አለች፤ «ፓስፖርቴ የት ይገኛል?»

«ከኪምቺው ሥር።»

እንደወጣላት ተሰማት፤ ከሰባት ወር በፊት የዋጠችው ድንጋይ። ሣጥኑን ብቻዋን አነሳችው፤ አሥራ ስምንት ኪሎው ሦስት ኪሎ መስሎ ተነሣላት። እጇን ሰደደችና አወጣችው፤ ከዚያ እዚያው ደርቃ ቆመች። የያዘችው ጥቁር ፌስታል አልነበረም። ዚፕ ያለው፣ ወፍራም፣ ንጹሕ ነጭ ላስቲክ ነበር፤ በላዩም ላይ ቢጫ የፀጉር ላስቲክ ሁለት ጊዜ ዞሮ ታስሮበታል። የቻንቱ የፀጉር ላስቲክ።

«ጥቁሩ ቀዳዳ ነበረው» አለች ቻንቱ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገች። «የኪምቺ ውሃ ሊገባ ነበር። በሚያዝያ ቀየርኩት።»

«በሚያዝያ!» ፒልሱን በጣቷ ቆጠረች። ሦስት ወር። ዘጠና ቀን፣ ዘጠና ማታ፣ ገበያ ስትውል በሩ ሳይቆለፍ፣ አየር ማረፊያው አፍንጫቸው ሥር፣ ልጅቷ የት እንዳለ እያወቀች። «ታዲያ ለምን አልወሰድሽውም?»

ቻንቱ ጥያቄው ያስገረማት መሰለች። «ገና ሦስተኛ አልጠየቅሁማ።»

ፒልሱን ይቅርታ የሚለው ቃል አፏ ውስጥ ለምዶ ስለማያውቅ አቅጣጫው ጠፋት፤ ለዕድሜ ታናሽ ሰው ብላው አታውቅም። ስለዚህ ጮኸች። «ምን ቆመሻል! አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው! ጫማሽን!»

ሁለቱ ሴቶች በዚያን ቀን በኢንቾን ጎዳና እንደሮጡት ማንም ሮጦ አያውቅም። ፒልሱን ከፊት ነበረች፤ ቻንቱ ከኋላ «እማማ፣ ቀስ! ጉልበትዎ!» ትላለች፤ ጉልበት የት አለና። የዳቢን እናት በሯ ላይ ወጥታ «ምን ሆናችሁ?» ብትል፣ ፒልሱን ሳትቆም ፓስፖርቱን ከነላስቲኩ ከራሷ በላይ አውለበለበችው። «ያቺ አማት እኔ ነኝ! ሌላዋም እኔ ነኝ! ነገ መጥቼ እነግርሻለሁ!» አለች። የዳቢን እናት በእጇ የያዘችው መቀስ ክፍት እንደሆነ ቀረ። ፖስታ ቤቱ ጋ ሲደርሱ አሥራ አንድ ተኩል ነበር። መምህርት ቾን ፓስፖርቱን ተቀብላ ገለጠችው፣ ከዚያ አፍንጫዋን አስጠጋች፣ ከዚያ ፒልሱንን ከመነጽሯ በላይ አየቻት። የነጭ ሽንኩርትና የቃሪያ ሽታ ክፍሉን ሞላው። መምህርቷ የዚችን አገር አማት በደንብ የምታውቅ ሴት ናትና አንድም ነገር አልጠየቀችም፤ ቁጥሩን ብቻ ጻፈች፣ ማኅተሙን መታች፣ ፓስፖርቱን ለቻንቱ በሁለት እጇ አቀበለቻት። ቻንቱም በሁለት እጇ ተቀበለች፤ በኪሷም ሳይሆን በሸሚዟ ውስጥ፣ ከደረቷ ጋር ከተተችው። ፒልሱን ወደ መስኮቱ ዞረች።

ከማዕከሉ ሥር ካለችው ጠባብ ቤት ገብተው ሁለት ኪምባፕ በሰባት ሺህ ዎን አዘዙ። ባለቤትዋ የባሕር ቅጠሉ ላይ ሩዙን ዘርግታ፣ ጠቅልላ፣ ቆራርጣ አቀረበችላቸው። ቻንቱ «እማማ፣ ይብሉ» አለች። ፒልሱን «አንቺ ብዪ» ልትል ነበር፤ ተወችውና በላች። ላቡ ፐርሙን አጥፍቶት ነበር፤ ሠላሳ አምስት ሺህ ዎን በግንባሯ ላይ ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሎ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለቱ መካከል የሚያወራው ቴሌቪዥኑ አልነበረም፤ ቻንቱ የእናቷን ቤት፣ ከደጃፉ ያለውን ማንጎ፣ ወንዙ ሲሞላ ደረጃው ድረስ እንደሚመጣ፣ ባላት ትንሽ ኮሪያኛ ነገረቻት። ያላወቀችውን በእጇ ሠራችው። ፈተናውን ካለፈች በአዲሱ ዓመት እናቷን ማየት እንደምትፈልግ ነገረቻት፤ ይኼንንም በመጨረሻ ነው ያለችው፣ ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሳ።

ፒልሱን ማኘክ አቆመች። ከጎማው ወንበር ላይ ጀርባዋን አቀናች። የልጅቷን ደብተር አስታወሰች፤ ክብ ክቡን ፊደል፣ የመጨረሻውን መስመር።

«አንድ መንገድ ነው» አለች፤ «ወይስ ደርሶ መልስ?»

ቻንቱ ቀና አለች። ጥያቄዋን አወቀቻት። «ደርሶ መልስ» አለች።

ፒልሱን ሁለተኛ ልትጠይቃት አፏን ከፈተች። ከዚያ ትልቁን የኪምባፕ ቁራጭ አንስታ ጎረሰችበት።